ጋሽ መጋረጃ አካውንት የላቸውም

የእኔን የስልክ ጥገና ሱቅ ከጋሽ መጋረጃ ስፌት ቤት የሚለየው አንድ ስስ የቺፑድ ግድግዳ ነው። የስፌት መኪናቸው ሲንቀሳቀስ የእኔ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል፤ ትንንሽ ብሎኖቼ ተንከባለው መሬት ይወርዳሉ። እኔ ደግሞ የተጠገነ ስልክ ስሞክር የጥሪው ድምፅ እሳቸው ጋ ይሰማል። በዚህ የተነሳ ስንጨቃጨቅ ከርመን ነው የተዋደድነው።

እውነተኛ ስማቸውን ሰፈሩ ረስቶታል። መጋረጃ ይሰፋሉ፣ መጋረጃ ይሰቅላሉ፣ ስለ መጋረጃ ያወራሉ፤ በቃ ጋሽ መጋረጃ ናቸው። መስኮት ሊያስለካ የጠራቸው ሰው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ግቡ ሲባሉ አይገቡም። መንገድ ላይ ቆመው ወደ መስኮቱ አንጋጠው ያያሉ። «ከዚህ ምን ይታያል?» ይላሉ ለራሳቸው። የሚታየውን አይተው ከጨረሱ በኋላ ነው ሜትራቸውን ይዘው በሩን የሚያንኳኩት። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። «መጋረጃውን አውልቆ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ሰፈር» ነው የሚሉት።

ታዲያ አንድ ቀን ሱቄ ገብተው፣ ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እስኪ ንገሪኝ፣ እዚያ ሰፈር ሳይገቡ የአንድ ሰው ገጽ ማየት ይቻላል?» ሲሉኝ ማመን አቃተኝ።

«የማንን ገጽ?»

«የአንዲት ወንበር ሠሪ።»

ወንበር ሠሪዋ ልጃቸው ናት። ይህን ያወቅሁት ከእሳቸው አፍ በብጥስጣሽ ነው፤ እኔ እዚህ ከመምጣቴ በፊት የሆነ ነገር ስለነበረ። ልጅቷ ከአባቷ ጋር መጋረጃ ትሰፋ ነበር። አግብታም ቢሆን በየጠዋቱ ትመጣ ነበር። ከዚያ አሮጌ ወንበር እየፈታች አዲስ ጨርቅ ማልበስ ጀመረች። አንድ ቀን ለትልቅ መጋረጃ የተቀመጠ ጨርቅ ቆርጣ ሶፋ አለበሰችበት። ጋሼ በደንበኛ ፊት «እጅሽ ማበላሸት እንጂ መሥራት አያውቅም» አሏት። ልጅቷ መቀሷን ብቻ አንስታ ወጣች። አባትየው የባሰባቸው በዚያ ነው። ለቤተሰቡ በሙሉ «ሁለተኛ ስሟን እንዳታነሱብኝ!» ብለው አወጁ፤ ቤተሰቡም ታዘዘ። አዋጁ ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር።

እኔ እንኳ «ጋሼ፣ አካውንት ልክፈትልዎት፣ ቀላል ነው» ብያቸው ነበር። ስም ይጠይቃል፣ ፎቶ ይጠይቃል፣ የልደት ቀን ይጠይቃል ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። «የሰው መስኮት በጨረፍታ ልይ ብዬ የራሴን በር ከነማጠፊያው ልንቀል?» አሉ። ይሄ ለአፋቸው ነው። ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ገጿን ከተከተሉ ስማቸው እሷ ጋ ይታያል። ስማቸው ከታየ ደግሞ ቀድሞ የተሸነፈው እሳቸው ናቸው። እንዲህ ዓይነት ኩራት ያንገበግበኛል፤ ሽማግሌ ላይ ሲሆን ግን ያሳዝነኛልም።

ያኔ ነው አር ኤስ ኤስ የሚባለው ነገር ትዝ ያለኝ። ስሙ የሕመም ስም ይምሰል እንጂ ነገሩ አያስፈራም። ለሁሉም ክፍት የሆነ ገጽ ላይ አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ጽሑፉንና የመጀመሪያውን ፎቶ ለቅሞ ስልክ ላይ ወዳለ «አንባቢ» የሚባል አፕ ያመጣል። መመዝገብ የለም፣ መከተል የለም፤ ባለገጿም ማን እንዳነበበ አታውቅም። እነዚህ ትልልቅ መድረኮች ግን ያለ አካውንት መታየትን ስለማይወዱ ራሳቸው አይሰጡትም፤ መሃል ላይ ሆኖ እየለቀመ የሚያቀብል ሌላ ድረ ገጽ ያስፈልጋል። እሱ ሲሠራ ይሠራል፣ ሲያኮርፍ ደግሞ ያኮርፋል። ይህን ሁሉ እያስረዳሁ አንባቢውን ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ነቀነቁ እንጂ አልገባቸውም።

እንዳልገባቸው ያወቅሁት በማግስቱ ነው። አንባቢውን ከመክፈታቸው በፊት የኮታቸውን ቁልፍ ሲቆልፉ አየኋቸው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አይ፣ እንዲሁ ነው። ድንገት ብታየኝ…»

«አታይዎትም አልኩ እኮ።»

«አውቃለሁ። አታየኝም።» ቁልፉን ግን አልፈቱም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ ግራ መጋባት ይዘው ይመጣሉ። ልጅቷ የጻፈችውን ነገር ፊደል አርማ መልሳ ስታወጣው አንባቢው ሁለት ጊዜ ያመጣዋል፤ ጋሼ ይሄን እንደ መልእክት ነው የሚያዩት። «ለምን ደገመችው? አልሰማህም ወይ ማለቷ ነው?» ይላሉ። ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ባዶ ሳጥን ብቻ ይመጣል። «ይሄ ባዶው ምን ማለት ነው? የምላችሁ የለኝም ነው?» ይላሉ። ምንም ማለት አይደለም ስላቸው ቅር ይላቸዋል። ገጹ ላይ ያለው እኮ ወንበር ብቻ ነው። ሰማያዊ ወንበር፣ ባለመደገፊያ ወንበር፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር። ከሥሩ የእጅ ስልኳና የቤቷ አድራሻ ተጽፏል። አድራሻውን በቃላቸው ይዘውታል፤ ሄደውበት ግን አያውቁም።

አንድ ጊዜ ስፌት ቤታቸው ጠርተው አንድ ፎቶ አጉልቼ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። የቀይ ወንበር መቀመጫ ላይ አንዲት ጣት የምታህል ካልሲ ተቀምጣለች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ካልሲ ነዋ። የደንበኛ ልጅ ይሆናል የጣለው።»

«አንድ እግሩን ብቻ ጥሎ ይሄዳል?»

ከመጋረጃው ክምር ጀርባ ጠርዝ የምትጠርዘው፣ አብራቸው የምትሠራው እህታቸው ድንገት ተነሳች። «ክር አለቀብኝ» ብላ ወጣች። ለወትሮውም የዚያች ልጅ ነገር ሲነሳ ክር ያልቅባታል። እኔ ዝምተኛ ስለሆነች ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ከጊዜ በኋላ አቀባዩ ድረ ገጽ አኮረፈ። አንባቢው ባዶ ሆነ። ጋሼ ስፌቱንም ተዉት፤ ሰማያዊ ላዘዘ ደንበኛ ግራጫ ተሰፍቶ ተሰጠው። በየቀኑ ግድግዳውን ያንኳኩልኛል።

«ዘጋችብኝ?»

«እሷ አይደለችም፣ መሃል ያለው ነው።»

«መሃላችን ማን አለ?»

«ማሽን ነው ጋሼ፣ ማሽን።»

«ታዲያ ማሽን ምን አስኮረፈው?» ይላሉ።

የነገሩ ሁሉ መጨረሻ የመጣው አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ግድግዳው አልተንኳኳም፤ ራሳቸው መጡ። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀኑልኝ። አንባቢው ተመልሶ ኖሮ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር አምጥቷል። ሁሉም ላይ «አዲስ» ይላል። ከላይ ያለው እንዲህ ይነበባል፦ «ውድ ደንበኞቼ፣ ዛሬ ሆስፒታል ስለገባሁ ሥራ ለጊዜው ቆሟል። አጠገቤ ሰው ስለሌለ ስልክ አልመልስም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«አጠገቤ ሰው የለም ትላለች» አሉ። አይናቸው እንባ አቅርሯል። «ባሏ የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፣ መንገድ ላይ ይሆናል። ብቻዋን ናት።»

«እንደውልላት።»

«ስልክ አልመልስም ብላለች፣ አንብቢው እንጂ!»

ደወልኩ፤ ይጠራል እንጂ አይነሳም። እሳቸው ስፌት ቤት ገብተው መደርደሪያውን አመሰቃቀሉት። የወጡት ነጭ መጋረጃ፣ ገመድና አንድ እፍኝ ቀለበት ይዘው ነው። እህታቸው ክር ልትገዛ ወጥታ ስለነበር የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

«ይሄ ለምንድነው?» አልኳቸው።

«አልጋዋ ላይ ልሰቅልላት ነዋ። ሰው እያያት መተኛት አትችልም። ትንሽ እያለች አንሶላ ፊቷ ላይ ካልጣለች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።» ይህን ሲሉ ከአንገታቸው በላይ የሚናገሩት ሰውዬ አልነበሩም። ሱቄን ዘጋሁና አብሬያቸው ታክሲ ያዝኩ።

የቱ ሆስፒታል እንደሆነ ማስታወቂያው አይልም። ለቤቷ የሚቀርበውን መረጥን። በር ላይ ጥበቃው መጋረጃውን ገልጦ ፈተሸ፣ ቀለበቶቹን ቆጠረ፣ ምንም ሊገባው ስላልቻለ አሳለፈን። ውስጥ ያለችው ነርስ ደግሞ መዝገብ እያገላበጠች ጠየቀች።

«የየትኛው ክፍል ታካሚ ናት?»

«እሱን ነው የማላውቀው» አሉ ጋሼ።

«ምን ሆና ነው የገባችው?»

«ወንበር ትሠራለች።»

ነርሷ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ዛሬ የገባች ሴት ናት» አልኩና ስሟን ነገርኳት። ዛሬ በዚያ ስም የገባ ሰው የለም። ትናንትም የለም። ጋሼ ግን ተሳስታችሁ ይሆናል ብለው በየክፍሉ በር እየቆሙ አንገታቸውን አስገቡ። መጋረጃቸውን እንዳቀፉ የማያውቋቸውን ሴቶች ይቅርታ እየጠየቁ ዞሩ። አንዷ በሽተኛ «እኔም ጋ ስቀልልኝ» አለቻቸው፤ ቆም ብለው መስኮቷን በዓይናቸው ለኩት። ልማድ አይለቅም መቼም።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ስልካቸውን ማየት ጀመርኩ። አንድ ነገር ከነከነኝ። «አዲስ» ከሚሉት መሃል ሰማያዊው ወንበር አለ። እሱን እኮ በፊት አይተነዋል። እግሩ የተሰበረውም አለ። ቀዩ ወንበር ከነካልሲው አለ። አንባቢውን ዘግቼ በራሴ ስልክ ገጹን ራሱን ከፈትኩት፤ ወደ ታች ብሄድ ብሄድ የሆስፒታሉ ማስታወቂያ የለም። የት ደረሰ ብዬ ስፈልገው፣ ስፈልገው፣ ዓመት አልፎት ከሥር ተቀብሮ አገኘሁት። አቀባዩ ከኩርፊያው ሲመለስ የገጹን አሮጌ ነገር ሁሉ እንደገና ለቅሞ አምጥቷል። አንባቢው ደግሞ የሚያሳየው የተጻፈበትን ሳይሆን ለእሱ የደረሰበትን ቀን ነው።

ጋሼ ላብ በላብ ሆነው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር የቆየ ነው።»

«የቆየ ማለት? ጠዋት ነው ማለት ነው?»

«የአምና ነው። አምና ነው ሆስፒታል የገባችው። ዛሬ የደረሰው ለእኛ ነው።»

ያስደሰትኳቸው መስሎኝ ነበር። «ቀዩን ወንበር የሠራችው ከሆስፒታሉ በፊት ነው በኋላ?» አሉ።

«በኋላ።»

«ሰማያዊውንስ?»

«እሱንም በኋላ። ደህና ናት ማለት ነው።»

«ደህና መሆኗንማ…» አሉና መጋረጃውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። «ምን ሆና ነው የገባችው? አምና ምን ሆነች? እኔ አምና ምን ስሠራ ነበር?» እኔን ሳይሆን ግድግዳውን ነው የሚጠይቁት። በአንድ ጊዜ ልጃቸው ታማም አልታመመችም፣ ድናም አልዳነችም። እኔ ራሴ ልደሰት ልዘን ግራ ገባኝ። «ከዚህ ወደ ቤት መመለስ አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «ሄጄ ምን ሆነሽ ነበር ብዬ መጠየቅ አለብኝ። በሯን ብትዘጋብኝም ጠይቄ ይዘጋብኝ።»

አድራሻውን ለሹፌሩ የነገሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ስልኩን እንኳ አላወጣሁም። ቤቷ ምድር ቤት ያለ፣ በሩ መንገድ ላይ የሚከፈት ነው። ደጃፉ ላይ ቆዳው የተገፈፈ ወንበር ተገልብጧል። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ራቅ ብለው ቆሙና መስኮቱን አዩት። መጋረጃ አለው። የእሳቸው አሰፋፍ ነው፣ እጥፋቱ ያስታውቃል።

አንኳኳሁ። ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ቆመ። በሩን የከፈተችው ሴት አፏ ውስጥ የወንበር ሚስማር ይዛለች፤ አባቷን ስታይ አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ከኋላዋ አንድ ሕፃን ቀሚሷን ጨብጦ ቆሟል። ቆሟል ስል፣ ገና መቆም መማሩ ነው። አንድ እግሩ ላይ ካልሲ አለ፣ አንዱ ባዶ ነው።

ጋሼ ካልሲውን አዩ። ከዚያ ሕፃኑን አዩ። ከዚያ መልሰው ካልሲውን አዩ።

«ሆስፒታል ነሽ ብለውኝ ነው» አሉ።

«ማን?»

«አንቺ ነሻ። ዛሬ ገባሁ ብለሽ ጻፍሽ።»

ልጅቷ ስልካቸውን ከእጄ ተቀብላ አነበበች። እኔ ስለ አቀባይ፣ ስለ አንባቢ፣ ስለ አር ኤስ ኤስ ልዘበዝብ ከጀመርኩ በኋላ ማንም እንደማይሰማኝ ሳውቅ ተውኩት።

«እሱን ስወልድ ነው» አለች ወደ ሕፃኑ እያመለከተች። «እቴቴ አልነገረችህም? ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ትመጣለች እኮ።»

የጋሼን እህት ማለቷ ነው። ክር የሚያልቅባትን።

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ። ሊቆጡ መስሎኝ ነበር። ቁጣው ግን የሚያርፍበት ቦታ አጣ። «ስሟን እንዳታነሱብኝ ብዬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አላነሳችም።»

ልጅቷ አልሳቀችም። «ያንን ለደንበኛ የጻፍኩት መሰለህ? ደንበኛ አጠገቤ ሰው ኖረ አልኖረ ምን ይሠራለታል? አንተ ታየዋለህ ብዬ ነው። አካውንት እንደሌለህ አውቃለሁ፤ አንዱ ያሳየዋል ብዬ ነው። እስክወጣ ድረስ የክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እል ነበር፣ አባዬ።»

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ መሬት ቢከፈት ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ የማያገባኝ እንኳን። እሳቸው ግን መሬት መሬት አላዩም። ዓይን ዓይኗን እያዩ ነው የተናገሩት።

«ዛሬ ነው የደረሰኝ» አሉ። «እንደደረሰኝ መጣሁ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እውነታቸውን እንደሆነ በራሴ ነቀነቅሁላት። አንድ ዓመት ሙሉ የሸሸ ሰው ሰበብ ይመስላል እንጂ ከዚያ የበለጠ እውነት በዚያ ቀን አልተነገረም። እጇን ዘርግታ ያቀፉትን ጨርቅ ያዘች። ጠርዙን በጣቷ ዳበሰችው።

«ይሄስ?»

«ለአልጋሽ ነበር። ሰው እንዳያይሽ።»

ያኔ ነው ሆድ የባሳት። ሚስማሮቹን የጨበጠችበትን እጅ አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጋሼ ሊያቅፏት ወደ ፊት ሲሉ መጋረጃው ከእጃቸው ተዘረገፈና ከመሃላቸው ወለሉን ነካ። ሕፃኑ ይሄን ይጠብቅ እንደነበረ ሁሉ ቀሚሷን ለቀቀና ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ተሸሸገ። ባለ አንድ ካልሲው እግሩ ብቻ ውጭ ቀረ።

ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉ።

«ከዚህ ምን ይታያል?» አሉ ለጨርቁ።

ጨርቁ ሳቀ።

ልጅቷ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ግባ እንጂ። ሁልጊዜ መንገድ ላይ ቆመህ ነው የምታየው» አለቻቸው።

ገቡ። እኔ ታክሲ ፍለጋ ሄድኩ። ስልካቸው ቦርሳዬ ውስጥ መቅረቱን ያወቅሁት ሱቄ ከደረስኩ በኋላ ነው፤ ልጅቷ መቼ እንደመለሰችልኝም አላስታውስም። አንባቢው አሁንም አሮጌ ወንበሮችን «አዲስ» እያለ ይደረድራል። በማግስቱ ይጠይቁኛል ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ከግድግዳው ማዶ የእህታቸው የስፌት መኪና ብቻ ነበር የሚሰማው። ጋሼ ስልካቸውን ሊወስዱ የመጡት ከሰነበቱ በኋላ ነው፤ ሲመጡም ኮታቸው አልተቆለፈም ነበር።